«መስለብ» እና «ሰለባ»

ጥያቄ፦ «መስለብ» የወንድን ብልት መቁረጥ ከሆነ፣ በጦርነት ወይም በወረርሽኝ የተጎዳ ሰው ስለምን «ሰለባ» ይባላል? ቃሉስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ቃላት የወጡት ከአንድ ግሥ ነው። በግእዝ «ሰለበ» ማለት ገፈፈ፣ ቀማ ማለት ሲሆን፣ በዐረብኛም ተመሳሳዩ ግሥ ነጠቀ፣ ዘረፈ የሚል ፍቺ አለው። በአገራችን ተዋጊ ከወደቀው ጠላቱ ብልት ቆርጦ ለጀግንነቱ ማስረጃ ይዞ ይመለስ በነበረበት ዘመን፣ ይህ ሰፊ ፍቺ ወደዚያ አሰቃቂ ድርጊት ጠበበ፤ «ሰለባ» የተባለውም ግዳዩ ራሱ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉ ከወሳጁ ወገን ወደ ተጎጂው ዞሯል፤ ይህም መልካም ለውጥ ይመስለኛል።

ለከብት ሲሆን የሚመረጠው ቃል «ማኮላሸት» ነው፤ የተኮላሸውና የደለበው በሬ ሰንጋ፣ በጉ ወይም ፍየሉ ደግሞ ሙክት ይባላል።

የተሰለበ ሰው በግእዝ «ኅጽው» ይባላል፤ ይህም ከዐረብኛው «ኸሲይ» ጋር ይዛመዳል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰውን የንግሥት ህንደኬን ባለሟል የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጃንደረባ» ይለዋል። ሰውየው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ ነበርና፣ ቃሉን ለስድብ መጠቀም ተገቢ አይደለም።