ኩሬዬ አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል፤ አልጌ ውሃ ያጠራል አይባልም?

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት አጠገብ በመስኖ ሽንኩርት አመርታለሁ። ከማሳው የሚተርፈውን ውሃ በኩሬ አጠራቅሜ መልሼ አጠጣበታለሁ። አልጌ የማዳበሪያ ርዝራዥ ያጠራል ሲባል ሰምቼ ኩሬውን ዝም አልኩት። አሁን አረንጓዴ ለብሶ ይሸታል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል። አልጌ ከውሃው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እየመጠጠ ያድጋል። የእርስዎ ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሆዱ ገባ እንጂ ከኩሬው አልወጣም። ሲሞት እዚያው ይበሰብስና የበላውን መልሶ ይለቀዋል። የሚሸትዎት ይሄ ነው። ውሃው የሚጠራው አልጌው ታጭዶ ሲወጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማሳው የሚተርፈው ውሃ ኩሬው ከመግባቱ በፊት በሚያልፍበት ቦይ ላይ አልጌውን ያብቅሉት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዋልተር አዲ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን ዘዴ የሠሩት በባሕር ውስጥ ኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳት ክምር) ላይ የሚበቅለውን አልጌ አይተው ነው። እኛም አቅማችን በፈቀደው ልንሠራው እንችላለን። ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ሰፊና ጠፍጣፋ ቦይ ያውጡ። የኩሬ ፕላስቲክ ያንጥፉበት። በላዩ ሽንኩርት የምንሞላበትን የመረብ ጆንያ ቀደው ይዘርጉ፤ ጠርዙን በድንጋይ ይያዙት። ተዳፋቱ በ100 ሜትር 1 ወይም 2 ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ውሃው ስስ ይሁን፤ ጣትዎን ቢያቆሙበት ከሁለተኛው አንጓ አይለፍ። ከቦዩ አናት ላይ ደለል የሚቀርባት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ጭቃ መረቡን ካለበሰው አልጌው ፀሐይ አያገኝም።

በቆላው ሙቀት በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ በ15 ቀን ይጨዱ። ደብረ ብርሃን ላይ ቢሆን ብርዱ ያዘገየው ነበር። ውሃውን ዘግተው ጥቂት ይጠንፈፍ፤ ከዚያ በመጥረጊያ ይቧጥጡ። ሙልጭ አያድርጉት። መረቡ ላይ እንደተላጨ ጢም ሥሩ ሲቀር ቶሎ ይመለሳል። የወጣውን ፀሐይ ላይ አድርቀው ኮምፖስት ውስጥ ይጨምሩት፤ ብር ያወጡበት ማዳበሪያ ነው፣ ለማሳው ይመለስ።

አልጌ ፀረ ተባይን ያጠራል ብለው ግን አይተማመኑ። ውሃው ከቦዩ ወጥቶም የመስኖ እንጂ የመጠጥ አይደለም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ። ኩሬው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ንጣፍ ካዩ፣ መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከብት ይገድላል፤ መርዙ ውሃውን ቢያፈሉትም አይጠፋም። ኩሬውን ዙሪያውን በእሾህ ይከልሉት፤ ጥጆቹን ሌላ ቦታ ያጠጡ።