ሐረጉ ለምን አልገጠመም? የቁጥርና የመስመር ሥዕል ጥያቄዎቻችሁ

ከአራዳ፦ የብራና ሐረግ (የብራና መጽሐፍ ገጽ የሚዋብበትን የተጠላለፈ ጌጥ) እያየሁ የተጠላለፈ ጥለት እሞክራለሁ። ክሩ ላይ፣ ታች እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ላይ ይውላል። ምኑ ጋ ነው የሳትኩት?

ወይ አንድ መሻገሪያ (ክር በክር ላይ የሚያልፍበት ነጥብ) ዘለዋል፣ ወይ ሦስት ክር አንድ ነጥብ ላይ አገናኝተዋል። መሻገሪያው ሁሉ ሁለት ሁለት ክር ብቻ ከያዘ፣ የክሩም ጫፍ ከጫፍ ከገጠመ፣ ማፈራረቁ ሁልጊዜ ይሠራል።

በቀጭን እርሳስ ባለ 2 ሴ.ሜ ካሬዎችን 3 በ5 ያስምሩ። የእያንዳንዱን ጎን መሐል በነጥብ ምልክት ያድርጉና በየካሬው ውስጥ አራቱን ነጥቦች ያያይዙ። ሁለት ካሬ የሚጋሩት ነጥብ መሻገሪያ ነው፤ 22 መሆናቸውን ይቁጠሩ። ዳር ያሉት ክሩ የሚታጠፍባቸው ናቸው። የክሩን ስፋት 7 ሚ.ሜ ቢያደርጉት ጎን ለጎን ባሉት መሐል ያንኑ ያህል ባዶ ይተርፋል። ቀለም ከመንካትዎ በፊት ክሩን በጣትዎ እየተከተሉ በየመሻገሪያው «ላ» (ላይ)፣ «ታ» (ታች) እያፈራረቁ ይጻፉ። በአንድ መሻገሪያ ሁለት ጊዜ ያልፋሉ፤ መጀመሪያ «ላ» ከነበረ ሁለተኛው «ታ» መሆን አለበት።

ሁለት ቀለም ካማረዎት 4 በ6 ይሥሩ። የክሮቹ ብዛት የሁለቱ ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው፦ 3 በ5 አንድ ክር፣ 4 በ6 ሁለት። ሐረግን እንድንወደው የሚያደርገንም ይኼ ነው፤ ሳይቆጥሩ የጀመሩትን ያጋልጣል።

ከአዘዞ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፦ የሱፍ አበባን ፍሬ በነጥብ ስሠራ 137.5 ዲግሪ እያዞርኩ በየነጥቡ 2 ሚ.ሜ እርቃለሁ። መሐሉ ተጨናነቀ፣ ዳሩ ሳሳ።

ርቀቱን እኩል ስለጨመርሽ ነው። ክቡ ሲሰፋ ዳር ላይ ብዙ ቦታ ይከፈታል። የነጥቡን ተራ ቁጥር ስኩዌር ሩት በ5 ሚ.ሜ አባዢ፦ 4ኛው 10፣ 25ኛው 25፣ 100ኛው 50 ሚ.ሜ ከመሐል ይርቃል። ማዕዘኑን ከቀደመው ነጥብ ሳይሆን ሁልጊዜ ከዜሮ ለኪ (137.5፣ 275፣ 52.5፣ 190...)፤ አለዚያ የፕሮትራክተሩ ስሕተት ይደራረባል። «ለአያያዝ ይቅለለኝ» ብለሽ 135 እንዳታደርጊው፤ እንደ ጋሪ ጎማ ስምንት ቀጥ ያሉ ዘንጎች ይወጡብሻል።

ከፒያሳ፦ እንደ ጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የመላእክት ፊት ልደረድር ነው። ካርቶን ቆርጬ ላትም?

ይቻላል፤ ባያደርጉት ግን እንወዳለን። ረድፉን በክርና በጠመኔ እኩል ይክፈሉ፣ ፊቱን በእጅ ይሣሉ።

ከማራኪ፦ ባለ ሰባት ቅጠል ክብ በኮምፓስ እንዴት ይከፈላል?

በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ በትክክል አይከፈልም፤ ለዓይን የሚበቃ ግን አለ። 10 ሴ.ሜ ራዲየስ ያለው ክብ ይሥሩ። የኮምፓሱን ስፋት ሳይለውጡ ዳሩን ስድስት ቦታ ይቁረጡ፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን ነጥብ ያገናኙ፣ የዚያን መስመር ግማሽ (8.66 ሴ.ሜ) ይውሰዱ። ኮምፓሱን በዚያ ልክ ከፍተው ዳሩን ሰባት ጊዜ ሲረግጡ 1.4 ሚ.ሜ ገደማ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን የመጨረሻው ቅጠል ላይ አይጫኑት፤ ኮምፓሱን ፀጉር ታህል ከፍተው፣ 8.68 አድርገው እንደገና ይዙሩ።