ሾርትከት ቫይረስ ነው ብለው ፎርማት እንዳያደርጉብሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። ፍላሽሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ምልክት) ሆኑ፣ ላፕቶፑንም ነካው፣ ጥገና ቤት «ፎርማት ካልተደረገ (ያለበት ሁሉ ካልጠፋ) አይድንም» አሉኝ፣ ነገ ልወስደው ነው፣ የቱን አንቲቫይረስ ልግዛ ብለሻል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ያለው እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው። እባክሽ ነገ አትውሰጂው። አንቲቫይረስ መግዛትም አያስፈልግሽም።

1ኛ፦ ፋይልሽ አልጠፋም። ይህ ቫይረስ ፋይል አይበላም፤ ይደብቃል። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን እዪ። ውስጡ ባዶ ቢመስልም ቦታው እንደተያዘ ነው። ጥግ ላይ ቀስት ያለባቸውን ሾርትከቶች ግን አትክፈቻቸው። ፋይልሽን ያሳዩሻል፤ ከጀርባ ደግሞ ቫይረሱን ያስነሱታል። ብዙ ሰው «ይከፍታል እኮ» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው።

ፍላሹን ከፍተሽ ከ«ቪው» ወደ «ኦፕሽንስ» ግቢ፤ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ሦስቷን ነጥብ ስትጫኚ ታገኚዋለሽ። በሚከፈተው መስኮት «ቪው» የሚለውን ነክተሽ የተደበቀ ፋይል አሳይ የሚለውን ምረጪ። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ ፋይልሽን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ነው የሚደብቀው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ «የስ» በዪው። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ይላል። ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ታጭቆ ይጠብቅሻል። ሰነዶችሽንና ፎቶዎችሽን ብቻ አውጪ፤ የማታውቂውን ፋይል አትንኪ።

2ኛ፦ ጥገና ቤት ስትሄጂ... እዚህ ጋ የእኔን ልንገርሽ። አስተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ የዓመታት የፈተና ጥያቄና የትምህርት ማስታወሻ ነበረኝ። ይኸው ቫይረስ ፍላሼንም ላፕቶፔንም ያዛቸውና ጥገና ቤት ወሰድኩት። የጥገና ቤቱ ልጅ ላፕቶፑን ከፈተና «ቫይረሱ በልቶታል፣ ከሰዓት ና» አለኝ። ዳታ አለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ከሰዓት ስመጣ ዊንዶውሱ አዲስ ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ ከቆሻሻ ቅርጫቷ በስተቀር ምንም የለም። ፋይሎቼስ ስለው «ፎርማት ማለት ምን መስሎህ ነው?» አለኝ፤ በደንበኞች ፊት! ሒሳቡንም ሙሉውን ተቀበለኝ። በማግስቱ የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህር ፍላሼን ሰክቶ፣ ላይ የነገርኩሽን አድርጎ ፋይሎቼን አንድ በአንድ አሳየኝ። አንዱም አልተነካም። ፍላሽ ላይ ያልነበረው ግን ያ ሁሉ ድካም ሜዳ ቀረ። ላፕቶፑ ላይ የነበረውንም ያጠፋው ፎርማቱ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የጫነልኝ ዊንዶውስ ክራክ (ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ) ነበር። ክራኩ እንዲሠራ ብሎ የዊንዶውሱን ጥበቃ ዘግቶት ሰጠኝ። እኔው ራሴ ቆፍሬ ደረስኩበት። ለቫይረስ መፍትሔ ፍለጋ የሄደ ሰው በሩ ተከፍቶ ወደ ቤቱ ይላካል እንዴ? ስቶፕ የሚባለው ራንሰምዌር ደግሞ በዋናነት የሚገባው በዚሁ በክራክ በኩል ነው። እሱ አይደብቅም፤ ፋይልሽን ቆልፎ ለመክፈቻው ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ ይጠይቃል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ግማሹን። የት ይመጣል ያ ዶላር?

አሁን «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ብለሽ ፈልጊና ክፈቺ። «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን አረጋግጪ። ከዚያ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን አስነሺ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ አካባቢ ነው። ቫይረሱ ገና ሳይነቃ ስለሚፈተሽ መደበቅ ይከብደዋል። ፎርማት የሚደረገው ፍላሹ ነው፤ እሱም ፋይሎችሽን ካወጣሽና ላፕቶፑ ከጸዳ በኋላ።

ለፕሪንት ፍላሽ ይዞ መሄድ ይቅርብሽ። ፒዲኤፉን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ላኪላቸው። እኔ እንደዚያ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ላፕቶፔ ንጹሕ ነው፤ አሁን የመምህራን ክፍሉ ሰው ፍላሹን ለእኔ ነው የሚያመጣው። ጽሑፍሽን ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ) ላይም ገልብጪ፤ ገልብጠሽ ስትጨርሺ ንቀዪው። ተሰክቶ የሚውል ኤክስተርናል ራንሰምዌር ሲገባ አብሮ ይቆለፋል። ዊንዶውስሽ 10 ከሆነ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ላፕቶፑ ከቻለ ወደ 11 አሻግሪው።

ምናልባት ይህን ሳታነቢ ሰጥተሻቸው ከሆነ አሁኑኑ ደውዪና «እንዳትነኩት» በያቸው። ፎርማት አድርገውት ከሆነም ምንም ነገር እንዳይጭኑበት፣ አንቺም እንዳትከፍቺው። ዲስኩ የድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ዳታ የሚመልስ ባለሙያ ሊያወጣልሽ ይችላል። ኤስኤስዲ (አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከሆነ ግን ተስፋው በጣም ጠባብ ነው።