የዋልታ በረዶና የኛ ምንጭ

ወንድሜ፣ «ሰሜን ዋልታን ለማቀዝቀዝ የሚታሰበው ጂኦኢንጂነሪንግ (የምድርን የአየር ንብረት ሆን ብሎ በቴክኖሎጂ መለወጥ) የጅማን ቡና ገበሬ ምን አገባው? ፈቃጁስ ማነው?» ብለህ ጠይቀሃል። ጅማ ዞን፣ ሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ በልማት ሠራተኝነት ዓመታት ስላሳለፍኩ፣ ካየሁት ልነሳ።

አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ከምንጭ በላይ ባለው ተዳፋት ባሕር ዛፍ አስተከለ። ሽማግሌዎቹ «ይሄ ዛፍ ውኃችንን ይጠጣዋል» ብለው ነበር። ንግግራቸው ቃለ ጉባኤ ላይ እንኳ አልሰፈረም። ችግኝ ቆጥሬ ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምንጩ በበጋ መድረቅ ጀመረ። ፕሮጀክቱ ግን ጨርሶ ሄዷል። እንስራ ይዘው የቆሙት ሴቶች ማንን ይጠይቁ?

ዋልታ ላይም ጥያቄው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ስዊድን ውስጥ፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ (አርክቲክ) ባለችው ኪሩና ላይ ፊኛ ሊያመጥቁ አቅደው ነበር። የመጀመሪያው በረራ መሣሪያ መፈተሻ ብቻ ነበር፤ ምንም አይረጭም። ቀጥሎ ግን የፀሐይን ብርሃን የሚመልስ ብናኝ ጥቂት ለቆ ማጥናት ታስቦ ነበር። በአጋዘን እርባታ የሚታወቁት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች፣ ሳሚዎች፣ ተቃወሙ። በረራው ቀረ፤ በ2024 ፕሮጀክቱ ተዘጋ። አንዳንዶች ይህን ሳይንስን ማደናቀፍ ይሉታል። እኔ አይመስለኝም። ሳሚዎቹ ፈቃዳቸውን መጠየቅ የነበረባቸው ቦታው ሳይመረጥ ነው።

ሕጉም እኩል አይደለም። በደቡብ ዋልታ ያለችው አንታርክቲካ የ1959 ስምምነትና የ1991 ፕሮቶኮል (ተጨማሪ ስምምነት) አላት፤ ከሥራ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ግዴታ ነው። አርክቲክ እንዲህ ያለ ስምምነት የለውም።

እኛን የሚያገባን ደግሞ በዝናቡ ነው። በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ጭሱ ሰሜኑን አቀዘቀዘ። የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ተዳከመ፤ አባይ ጎደለ፤ ግብፅ ተራበች። ሰሜኑን ብቻ ማቀዝቀዝ በምድር ወገብ አካባቢ ያለውን የዝናብ ቀበቶ ወደ ደቡብ ይገፋል። የኛ ቡና የሚያብበው ደግሞ ዝናብ ጠብቆ ነው። ዝናቡ ሲዛባ አበባው ይበላሻል፤ የዓመት ጉሮሮ አብሮ ይሄዳል። የአፍሪካ የአካባቢ ሚኒስትሮች በ2023 አዲስ አበባ ተሰብስበው ፀሐይን የማደብዘዝ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ሥርዓት መጠየቃቸው ትክክል ነበር እላለሁ።

በኮምፒውተር ይጠና፣ አልቃወምም። ወደ ሜዳ ሲወጣ ግን ማን ያስቆመዋል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ይክሳል የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ። እኛ መንደር እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረም። ባሕር ዛፉ እስካሁን እዚያው ነው።