ውሃው ሲበርድ ቆሮሶ ለምን መኖ ይተዋል?

ጥያቄ፦ በኩሬ 500 ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) አረባለሁ፤ እያንዳንዱ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብርዱ ከገባ ወዲህ መኖው ሳይነካ ያድራል፤ ጥቂቶቹም ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጥቷል። መኖውን ልለውጥ?

መልስ፦ አይለውጡ፤ ይቀንሱ። የዓሣ ሰውነት የሚሞቀውም የሚበርደውም ከውሃው ጋር ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የምግብ መፈጨቱ ይዘገያል፤ የበላው ሆዱ ውስጥ ይቆያል። ቆሮሶ የሚፋፋው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ነው። ከ20 በታች የመብላት ፍላጎቱ ክፉኛ ይወድቃል፤ 16 አካባቢ ጨርሶ ይተዋል፤ ከ10 በታች ከወረደ ይሞታል።

ስለዚህ ቴርሞሜትር በሲባጎ አስረው ግማሽ ሜትር ጥልቀት ላይ ያንጠልጥሉና ንጋት ላይ፣ ከዚያም ከቀኑ 9 ሰዓት ያንብቡ። ላዩን ብቻ አይለኩ፤ ፀሐይ ቶሎ ስለምታሞቀው ያታልላል።

የዓሦችዎ ጠቅላላ ክብደት 50 ኪሎ ነው። ውሃው 26 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የክብደታቸውን 3 ከመቶ፣ ማለትም 1.5 ኪሎ ለሁለት ከፍለው ይስጡ። ከ20 እስከ 22 ሲሆን ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ እሱንም አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ። ከ18 በታች ምንም አይስጡ። ይራባሉ ብለው አይጨነቁ፤ የሚጎዳቸው የተረፈው መኖ ነው። ታች ወርዶ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ይለቃል።

ጥጥ የመሰለው ሻጋታ ነው፤ ከውሃ ሲያወጡት ሟሽሾ እንደ ልጋግ ይለጠፋል። የሚበቅለው ቅርፊቱ የተላጠ ወይም የገላው ልጋግ የተገፈፈ ዓሣ ላይ ነው፤ ብርድ ደግሞ የመከላከል አቅሙን ያዳክማል። ስለዚህ ውሃው እስኪሞቅ መረብ አይጣሉ፣ ዓሦቹን አይምረጡ፣ አይመዝኑ። የሞተውን ወዲያው ያውጡ።

ዓሣ ብርድን መልመድ ይችላል፤ ቅቤ በብርድ ሲረጋ ዘይት እንደማይረጋ ሁሉ፣ የሴሎቹን ሽፋን ስብ ቀስ በቀስ ወደማይረጋው ዓይነት ይለውጣል። ይህ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በአንድ ሌሊት የሚመጣ ለውጥ የሚገድለውም ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በብዛት አያስገቡ። የዓሣ ጫጩት ሲያመጡ የመጡበትን ላስቲክ እንደታሰረ 20 ደቂቃ ኩሬው ላይ ያንሳፉት፤ ከዚያ የኩሬውን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ይልቀቁ። የኩሬው ጥልቀት ከ1 ሜትር ካነሰ ሌሊት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቢያንስ አንዱን ወገን 1.5 ሜትር ያድርሱት።

ሙቀቱ ሲመለስ መኖውን በአንድ ቀን ወደ 1.5 ኪሎ አያድርሱ። በ15 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል እያዩ፣ በየ2 ቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ።