አንድ መሬት፣ ሁለት ካርታ

ጥያቄ፦ አባቴ ባወረሱን መሬት ላይ አንድ ሰው በስሙ የወጣ ካርታ ይዞ መጣ። ከአባታችሁ ገዝቻለሁ ይላል። የሽያጭ ውሉ ቀን ግን አባቴ ካረፉ ከ3 ወር በኋላ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ያቺ ቀን ትልቋ ማስረጃዎ ናት። የሞተ ሰው አይፈርምም። ከሁሉ በፊት ግን የፍርድ ቤት እግድ ይጠይቁ። ክርክሩ ሳያልቅ መሬቱ ከተሸጠ፣ በቅን ልቦና ገዛሁ የሚል ሌላ ሰው ይመጣና ነገሩ ይወሳሰባል። ቀጥሎ ዋናው ማኅደር ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ ያመልክቱ፤ ኮፒ አይበቃም። ሁለተኛው ካርታ በምን ሰነድ እንደወጣ የሚታየው እዚያ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ያያይዙ። አባትዎ በሕይወት ሳሉ የፈረሙባቸው ወረቀቶችም ይፈለጉ፣ ፊርማው በባለሙያ ይመርመር። ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ እንዳያልፍብዎ አደራ፣ ነገ ዛሬ አይበሉ።