ጥይቱ ገባ ማለት ይተኮሳል ማለት አይደለም

ጠያቂያችን ያላቸው አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ አሮጌ 9 በ19 (9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ) ሽጉጥ ነው፤ መመሪያው ጠፍቷል። ያገኙት ጥይት ቀለሁ ግርጌ ላይ የመደመር ምልክትና የላቲን «ፒ» ተቀርጾበታል፣ ማለትም ፕላስ ፒ፣ ከተራው በሚበልጥ ግፊት የተሞላ ጥይት ነው። ካዝናው ውስጥ ገብቷል፣ ያለ ችግርም ይጎርሳል። ልተኩሰው ወይ ይላሉ።

አምራቹ ለዚያ ሞዴል መፍቀዱን በጽሑፍ እስኪያገኙ ድረስ አይተኩሱት። መጉረሱ ምንም አያረጋግጥም፤ ፕላስ ፒ በውጭ ልኩ ከተራው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ግፊቱ ላይ ነው። ሳሚ በተባለው የአሜሪካ የመሣሪያና የጥይት አምራቾች ማኅበር ደረጃ የተራው 9 በ19 ጣሪያ 35,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ የግፊት መለኪያ) ሲሆን የፕላስ ፒው 38,500 ነው፤ 10 በመቶ ይበልጣል። 38 ስፔሻል በተባለው የሪቮልቨር ጥይት ግን ከ17,000 ወደ 20,000 ይዘላል፣ 18 በመቶ ገደማ ማለት ነው፤ ቀላል የድሮ ሪቮልቨር ያለው ሰው ከእርስዎም ይበልጥ ይጠንቀቅ። ሁለት የመደመር ምልክት ላለበት ጥይት ሳሚ ጭራሽ ጣሪያ አላወጣለትም። ምን ያህል እንደሚገፋ የሚያውቀው የሞላው ፋብሪካ ብቻ ነው።

አንድ ጥይት ሽጉጡን ይበትነዋል ለማለት አይደለም። «ከፋብሪካ ሲወጣ ከመደበኛው በሚበልጥ ጥይት ተፈትኗል፣ ይሄንንም ይችላል» የሚል ክርክር ይሰማል። ፈተናው ግን በጥቂት ጥይት ያበቃል፣ ብረት የሚደክመው በድግግሞሽ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ስላይዱ (በየተኩሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደው የላይኛው ክፍል) ፈጥኖ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ሞላው የደከመ ከሆነ ሳይገታው ይቀርና የአሉሚኒየሙን አካል በየተኩሱ ይደልቀዋል። ጠንካራ ሞላ መቀየርም መፍትሔ የሚመስለው አለ። ሞላ የስላይዱን ምት ያለዝባል እንጂ ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል አያጠነክርም፤ ከመጠን በላይ ከጠነከረም ስላይዱን ወደ ፊት ሲመልስ እሱ ራሱ ይደበድባል።

ፈቃዱ ቢገኝም ሽጉጡ አርጅቷልና መጀመሪያ ይመርምሩት። ካዝናውን ያውጡ፣ ስላይዱን ስበው ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ጥይት የተባለውን ሁሉ ከሚሠሩበት ቤት ያስወጡ። ፈተው ካጸዱ በኋላ ስላይዱ በሚሄድበት ሐዲድና የስላይድ ማቆሚያው ፒን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ስስ ዘይት ይቀቡ። 10 ደቂቃ ያቆዩትና በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉት። ከዚያ ባትሪ በጎን ያብሩበት። ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ዘይት መልሶ ይተፋል፣ ፀጉር የመሰለ እርጥብ መስመር ይታያል። መስመሩ ከታየ ተራ ጥይትም አይተኮስበትም።

በተራ ጥይት የተተኮሱ ቀለሆችንም ይሰብስቡ። ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ በሚንሸራተትበት መወጣጫ በኩል የቀለሁ ግርጌ በብረት ያልተደገፈ ቦታ ሊኖረው ይችላል። ቀለሁን በጣትዎ እያዞሩ በጥፍር ይዳስሱት፤ በአንድ ጎን ብቻ ሆድ ካበጠ ያ ሽጉጥ ለፕላስ ፒ አይሆንም። ካፕሱሉን (ቀለሁ ግርጌ መሐል ላይ ያለችውን፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን መለኮሻ) አይቶ መፍረድ ግን ያሳስታል፤ ለስላሳ ካፕሱል በተራ ግፊትም ይዘረጋል፣ ጠንካራው ግፊቱ አልፎም ደህና ይመስላል። ካፕሱል ተበስቶ ከተገኘ ያኔውኑ ይቁም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ያንኑ ጥይት ደጋግመው ካጎረሱትና ካወጡት እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየተገፋ ይገባል፣ የባሩዱ ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይሰቀላል። ጣሪያው ጋ ለደረሰ ጥይት ይህ አደገኛ ነው። ርዝመቱን በካሊፐር (ጥቃቅን ልክ በሚለካ መሣሪያ) ከዚያው ሳጥን ካልጎረሰ ጥይት ጋር ያስተያዩት፤ ካጠረ ወደ ካዝና አይመለስ። 29.69 ሚሊ ሜትር የ9 በ19 ከፍተኛው ርዝመት ስለሆነ ከዚያ ማነሱ ብቻውን ጉድለት አይደለም፣ የሚፈለገው ከጓደኛው ማጠሩ ነው።

በ9 በ19 ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የፍጥነት ትርፍ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሜትር በሰከንድ ነው። አምራቹን በሞዴሉና በመለያ ቁጥሩ ይጠይቁት፤ መልስ ካልመጣ ሳጥኑን ለይተው ያስቀምጡና በተራው ይተኩሱ።